ጀምበር ልታይ ብላ

ባለፈው ሚያዝያ እስቴ ለቅሶ ሄጄ ነበር። የሞተው የጥንት ባልደረባዬ የየሺእመቤት ታናሽ ወንድም ነው። ሰውየውን በዕድሜዬ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሄድሁትም ለእሱ ብዬ አልነበረም። ከዚያ ቤት የቀረ የመጨረሻው ሰው እሱ ስለሆነ፣ ሲቀበር የእኅቱን ስም የሚያነሣ አይጠፋም ብዬ ነው። አልጠፋም። ድንኳኑ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ልጅ ዕድሜ የማይበልጥ፣ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣

«አንዲት እኅት ነበረችው አሉ፤ አስተማሪ። ጀምበር ልታይ ብላ ከባሕሩ ዳር አምሽታ፣ ንዳድ ይዟት የሞተች» አለቻት።

«ጀምበር? አገሯ ጀምበር አይጠልቅም ኖሯል?» አለች ጎረቤቷ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ እየሰደደች። በለቅሶ ቤት መሣቋን ለመሸሸግ ነው።

እኔ አምሳ ዓመት ዝም ያልሁትን በንፍሮ መካከል አልጀምረውም። ቤቴ ከተመለስሁ ወዲህ ግን ሥራ ሁሉ እምቢ አለኝ። የምወቅሳቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ የሺእመቤትም ከእነሱ አንዷ ናት። ተራ በተራ እሄድባቸዋለሁ።

የሺእመቤት ንፋስ መውጫ የመጣችው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ የመኪና መንገድ ወደ ጋይንት ሳይገባ ነው። የእስቴ ሰው ናት። አሥመራ ሄዳ መምህርነት ተምራ፣ ብስክሌትም እዚያው ለምዳ ተመለሰች። ከደብረ ታቦር ስትመጣ እሷ በእግሯ ነበረች፤ በቅሎዋ ላይ የተጫነው ብስክሌቱ ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበረና በመካከሉ ስታልፍ ገበያው ቀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ጎማውን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣

«ልጄ፣ ይኸ ገለባ ነው ገብስ የሚበላ?» አሏት።

«ምንም አይበላ አባቴ፤ ጫማ ብቻ ነው የሚጨርስ።»

«ታዲያ ካልበላ ምን ደክሞት በበቅሎ ጫንሽው?»

«የአገራችሁ ዳገት ነዋ!»

ገበያው ሣቀ። ያን ዕለት እኔም ሣቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሣቁ ቀስ በቀስ ጠፋብኝ። እኔ ከእሷ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ። የታች ጋይንት የቄስ ልጅ ነኝ፤ ስምንተኛን እንደጨረስሁ ለትንንሾቹ ፊደል፣ ለሴቶቹ ስፌት እንዳስተምር ቀጠሩኝ። አሥራ አንዱን ሴት ልጆች ከየቤታቸው ለምኜ፣ ከእናቶቻቸው ጋር ተነጫንጬ ያመጣሁ እኔ ነኝ። እሷ በመጣች በወሩ ግን የልጆቹ አፍ ሁሉ «ወይዘሪት የሺ፣ ወይዘሪት የሺ» ሆነ። እኔን «ሌላዋ» ይሉኝ ጀመር። ይህን አለመርሳቴ ክፋት ይሆናል። እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

አጭር፣ ጠይም፣ ፍንጭት ነበረች። ስትራመድ ቁመቷ ከሚፈቅደው በላይ ትራመዳለች። እጅጌዋ ላይ ጠመኔ አይጠፋም። የእኛ አገር ሴት ልጅ ታላቅ ሲጠይቃት አንገቷን ትደፋለች፤ ጨዋነት ነው፣ እኔም ያስተማርኋቸው ይህንኑ ነው። የሺ ግን ልጅቱ አንገቷን ስትደፋ ጠመኔዋን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ ትልና ከታች ወደ ላይ ፊቷን ታያት ነበር። «ይኸው አገኘሁሽ! መልሱንም ይዘሽዋል» ትላለች። የልጅቱ ሣቅ ያመልጣታል፤ ከሣቋ ጋር መልሱም ይወጣል። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን በመስኮት አይቷት፣

«መምህር መሬት ይቀመጣል?» አላት።

«ቆሜ ስጠይቃቸው የማየው ሹሩባቸውን ብቻ ነው» አለችው።

ሌላም ልማድ ነበራት። የማታውቀውን ሲጠይቋት «አላውቅም፤ አይቼ እነግራችኋለሁ» ትል ነበር። በዚያ ዘመን አላውቅም የሚል መምህር እኔ አላየሁም። ዳይሬክተሩም አላየም፤ አልወደደላትም።

ብስክሌት ያስተማረችኝ በአውድማ ላይ ነው። እህሉ ከገባ በኋላ በእበት የተለቀለቀ፣ የደረቀ አውድማ በጋይንት ካለ መሬት ሁሉ ደልዳላው ነው። ክብ ስለሆነ ግን ሲዞሩ መዋል እንጂ ወደ ፊት መሄድ የለም። አንድ ቀን የአውድማው ባለቤት በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየን።

«እናንተዬ፣ በብረት የምታበራዩት ምኑን ነው?»

«ባንቺአምላክን ነው!» አለችው፣ እኔን እያሳየች። «ምርቷ ይውጣ፣ ገለባዋ ይቅር ብዬ!»

ሰውየው እየሣቀ ሄደ። እኔ ለሁለት ቀን አላናገርኋትም። በሦስተኛው ቀን መጥታ «ምን ያህሉ ምርት ምን ያህሉ ገለባ እንደሆነ ገና አልተሰፈረም፤ ነይ እንቀጥል» አለችኝ። ሄድሁ። ቁልቁል ስንለማመድ እየሮጠች ከኋላዬ «ፍሬን አትያዢ! የሚወድቀው ፍሬን የያዘ ነው!» ትለኝ ነበር። እኔ ሁልጊዜ እይዝ ነበር።

ክረምት ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ከጉና ራስ ላይ ሆኖ ጣና ይታያል ይላሉ። ከልጆቻችን ግን አንዷም አላየችውም። የሺ ባሕሩን በሰሌዳ ላይ ሥላ ስታሳይ፣ የግራዝማች አድማሱ ልጅ እጇን አወጣች። «ውሃው ከመሬቱ ሲገናኝ እንዴት ሆኖ ነው የሚቆም? አጥር አለው?» አለች። የሺ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ከአውቶቡስ መስኮት፣ ከሩቅ ነው ያየሁት። አይቼ እነግራችኋለሁ» አለች።

በዚያው ሰሞን አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ሊያስወጡ ተነሥተው ነበር። ፊደል መለየት ይበቃቸዋል፣ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ነው ተባለ። ነገሩን የያዙት ግራዝማች አድማሱ ናቸው። ምላሳቸው ከጠመንጃቸው የሚያስፈራ ሰው ነበሩ፤ የእሳቸውን ቃል አገሩ ሁሉ ይከተለዋል። የሺ እኔን አስከትላ ደጃቸው ሄደች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር።

«ሴት ተምራ የት ትደርሳለች?» አሉ ግራዝማች። «ያለ ወንድ ከመንደሯ ወጥታ ሦስት ቀን ውላ መግባት የማትችል ፍጡር!»

«ሁለታችን ያለ ወንድ ከጎንደር ተነሥተን፣ የጣናን ዳር ይዘን፣ በብስክሌት ባሕር ዳር ብንገባስ? በደኅናም ብንመለስ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «በዚያ በበቅሎ በተጫነው?» አሉ፤ ተሣሣቁ። ግራዝማች ብቻ አልሣቁም።

«በደኅና ከተመለሳችሁ አሥራ አንዱም እስከ ስምንተኛ ይማሩ። ከሁለት አንዳችሁ ብትጎዱ ግን የዚያን ትምህርት ቤት ደጅ አይረግጡም።»

«እንግዲያው ይማሉልን።»

«ጃንሆይ ይሙት!» አሉ።

ከግቢው ስንወጣ «እኔን ሳትጠይቂኝ?» አልኋት።

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

እንዲህ ናት። ሰውን ታስገድደውና ወደደኝ ብላ ታስባለች። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኗ ነው።

በመንፈቁ ዕረፍት፣ በጥር መጨረሻ ተነሣን። አባቴ በመስቀላቸው ባርከውኝ ሁለት ነገር መከሩኝ። «የቆላ ውሃ እንዳትቀምሺ፤ ንዳድ የሚገባ ከውሃው ነው። ደግሞም ጀምበር ሳትጠልቅ ከቆላው ውጪ።» ደገኛ ሁሉ የሚያውቀው ምክር ነው። የእኛ ሰው ከብት ሊገዛ ፎገራ ሲወርድ ውሃውን ከደጋ በቅል ይዞ ይወርዳል፣ ሳያድርም ይመለሳል። ስንቱን በሕይወት ያኖረ ምክር ነው። ግማሹ ግን ስሕተት ነበር። የትኛው ግማሽ እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር፤ የሺ ታውቅ ነበር።

«ውሃው አይደለም ባንቺ፤ ትንኟ ናት። ማታ የምትነድፈው። መጽሐፍ ላይ አለ።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ፎገራ ወርዶ ያውቃል?»

«እሱን አላውቅም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቅሌን ሞልቼ በትከሻዬ አንጠለጠልሁ፤ በየደረስንበት ዳገት ከምንጭ እየቀየርሁ ይዤው ሄድሁ።

ለእኔ የሚሆን ብስክሌት ጎንደር ካለ መምህር ተዋሰች። ከጎንደር አዲስ ዘመን ሁለት ቀን ፈጀብን። ሦስተኛው ቀን ነው የባሕሩ ቀን። በማለዳ ከአዲስ ዘመን ወርደን የመኪናውን መንገድ ተውንና ወደ ውሃው ታጠፍን። በበጋ ጣና ሲሸሽ ከኋላው ጭቃ ይተዋል፤ ጭቃው በፀሐይ ደርቆ፣ ከብት ረግጦት እንደ አውድማ ይጠነክራል። ልዩነቱ ክብ አለመሆኑ ነው። ወደ ፊት ቢሄዱበት ማለቂያ የለውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጧት ያለ ግን አላየሁም። በቀኛችን ውሃው ጭጋጉን ገና አልገለጠም። ደንገሉ ከሰው በላይ ቆሟል፤ በመካከሉ የደንገል ታንኳ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፣ ቀዛፊው በውሃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በግራችን ውሃው በሸሸበት የተዘራ ሽምብራ አረንጓዴ ሆኗል። የፎገራ ላሞች እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ሣር ይነቅላሉ። ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ስንደርስባቸው በእግራቸው ጥቂት ሮጠው፣ እንደ ሸመገለ ሰው አመንትተው ነው የሚነሡ። የሺ ከፊት ሁለት እጇን ለቃ ትነዳለች። ሽምብራ የሚጠብቁ ሴቶች እሸት ሰጡንና አንዷ፣

«ወዴት ነው እንዲህ በነፋስ?» አለችን።

«ውሃው ከመሬቱ ሲገናኝ እንዴት እንደሚቆም ልናይ!»

«እና አያችሁ?»

የሺ ወርዳ ዳሩ ላይ ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «አይቆምም። ደጅ እንደደረሰ እንግዳ ነው፤ ጥቂት ገባ ይልና ግባ የሚለው ሲያጣ ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል።» ለልጆቹ የምትወስደው መልስ ይህ ነበር።

ያን ጧት ፍሬን አልያዝሁም። አንድ ሁለት ሰዓት ያህል የማንም ልጅ፣ የማንም ቅናተኛ አልነበርሁም። ሣቅሁም መሰለኝ፤ የሺ ዞራ «ሰማሁሽ!» ብላኛለች።

ቀትር ላይ የፊት ጎማዬ የጉማሬ ኮቴ ውስጥ ገባ። ጉማሬው በጭቃው ጊዜ ረግጦ ያለፈው ደርቆ ጉድጓድ ሆኗል። በትከሻዬ ወደቅሁ። እኔ አልተጎዳሁም፤ ቅሉ ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። ውሃው በስንጥቃቱ መሬት ሲገባ እያየሁ ተቀመጥሁ።

የሺ ወደ ባሕሩ ሄዳ በእፍኟ ጠጣች። «ነይ» አለችኝ።

«አልጠጣም።»

«ወረታ ሩቅ ነው፤ በዚህ ፀሐይ ሳትጠጪ አትደርሺም። ጠጥተን ከሄድን ግን አሥር ሰዓት ሳይሆን እንገባለን። እዚያ ወዳጄ አጎበር ያለው አልጋ አዘጋጅታልናለች።»

«አልጠጣም አልሁሽ!»

ዓሣ የምታደርቅ አንዲት ሴት በአቅራቢያው ነበረች። ከደጋ የሚወርድ ምንጭ እንዳለ ጠየቅኋት። በስተ ምሥራቅ ያለውን ጋራ አሳየችኝ። «ከሥሩ አለ እመቤቴ፤ ግን ሩቅ ነው፣ በበጋም ጠብ ጠብ ነው የሚል። እኛ እንኳ ይኸንኑ ነው የምንጠጣ» አለች።

የሺ ጋራውን አየች፣ ፀሐይቱንም አየች። «አባትሽ ሁለት ነገር ነው ያሉሽ ባንቺ። ምንጭ ከሄድን ጀምበር እዚሁ ትጠልቅብናለች። አንዱን ልትጠብቂ ሌላውን ልታፈርሽው ነው።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። አሁን ለማንም ግልጽ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት የታየኝ ለአንድ ጊዜ እንኳ እሷ እንዳታሸንፈኝ ነው። ስለ ንዳዱ ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ከፍርሃቱ ግን እልሁ ይበልጥ ነበር። «ብትፈልጊ ጥለሽኝ ሂጂ» አልኋትና አንገቴን ደፋሁ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከታች ፊቴን አየችው። ምን እንዳየች አላውቅም።

«እሺ» አለች። «እንሂድ።»

ሴትዮዋ ቅል አዋሰችን። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ስለነበረ ብስክሌቶቹን እየገፋን ሄድን። ምንጩ ከጋራው ሥር በሸለቆ ውስጥ ነው፤ ቅሉ እስኪሞላ ጊዜ ፈጀ። ወደ ዳሩ ስንመለስ ጨልሟል። ሴትዮዋ እንድናድር ፈቀደች። የደንገል ጎጆዋ ውስጥ ኩበት ይጨሳል፤ ከልጆቿ ሌላ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ነበረው።

«አንቺ ግቢ» አለችኝ የሺ። «ጭሱ ትንኝ ያባርራል።»

«አንቺስ?»

«ጭስ ያስለኛል።»

ክረምቱን ሁሉ በተከራየናት አንዲት ጎጆ፣ በእርጥብ እንጨት ጭስ መካከል ስታነብ አይቻታለሁ። አንድም ቀን አላሳላትም። ገባሁ።

በማግሥቱ ወረታ ስንደርስ ወዳጇ ደጅ ላይ ቆማ ተቆጣች። «ትናንት ስንጠብቅ አመሸን! ምን ሆናችሁ ነው በዚያ የንዳድ አገር ያደራችሁ?» የሺ ሣቀች።

«እኔ ነኝ። ጀምበር ስትጠልቅ ካላየሁ ብዬ ይችን ልጅ አስቸገርኋት።»

ብቻችንን ስንሆን ለምን እንዲህ እንዳለች ጠየቅኋት። «በቅል ውሃ ነው ብል ይሥቁብሻል። በእኔ ይሣቁ፤ ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ባሕር ዳር ገባን። በደኅና ንፋስ መውጫ ተመለስን። ግራዝማች አድማሱ በአደባባይ «ቃሌ ቃል ነው» አሉ። የሺ ስለ ውሃውና ስለ መሬቱ ለልጆቹ አነበበችላቸው፤ የግራዝማች ልጅ «ለምን ግባ አላላችሁትም?» አለቻት። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እንዲያ ባለ ደስታ አሥር ቀን ያህል ቆየን።

ከዚያ የሺን ማንቀጥቀጥ ጀመራት። አልጋው ከግድግዳው ጋር እስኪማታ ይንጣት ነበር። ለመድኃኒት ደብረ ታቦር ሰው ላክን፤ አባቴ ጸበል ይዘው መጡ። በአራተኛው ቀን ልቧ ተመለሰና ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ እንድል ጠቆመችኝ።

«ግራዝማች ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም፤ ትድናለሽ።»

«ስሚኝ። ሲጠሩሽ ‹ተይ አልኋት፣ እምቢ አለች› በያቸው። ስለ ውሃው አታንሺ።»

«ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ብሞት ስሜ ምን ይሠራልኛል? አንቺ ግን ነገ ክፍል መግባት አለብሽ። ሁለታችንም ሞኞች ከሆንን ልጆቹን ማን ያስተምራል?»

በስድስተኛው ቀን ዐረፈች። ይህን ስለ ነገረችኝ እስከ ዛሬ አልማርኋትም። ተቆጥታኝ ብትሞት ይቀለኝ ነበር። ሞታም አሸነፈችኝ።

ከቀብሩ በኋላ አባቶች በትምህርት ቤቱ ግቢ ከዛፉ ሥር ተሰበሰቡና ጠሩኝ። ግራዝማች «አንዳችሁ ብትጎዱ ብዬ ነበር» አሉ። አሥራ አንዱ ልጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያያሉ። አንገቴን ደፍቼ፣ «ተይ አልኋት፤ ጀምበር ካላየሁ ብላ እምቢ አለችኝ» አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ግራዝማች ጥቂት አሰቡና ፈረዱ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የትምህርቱ አይደለም፤ የጠባይ ነው። አንዷ ጨዋ፣ አንዷ ቅብጥ። ጨዋይቱ ታስተምር።»

ልጆቹ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ዘጠኙ ስምንተኛን ጨረሱ። የግራዝማች ልጅ ነርስ ሆነች፤ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉልበቴን ልትስም ትጎነበሳለች፣ «እርስዎ ባይኖሩ» ትላለች። ስለ የሺ ሲነሣ ግን ፈገግ ትላለች፤ እንደ ሕፃን ጥፋት ቆጥራው። ግራዝማች ያችን «ቅብጥ» የምትል ቃል በየሰርጉ፣ በየድግሱ እያወሩ ከጋይንት እስከ ስማዳ አዳረሷት። እሳቸውን እወቅሳለሁ። ዳይሬክተሩንም እወቅሳለሁ፤ ቀብሯ ላይ «ገና ሲያዩዋት ያስታውቅ ነበር» ብሏል። ቃሉን አቀብዬ የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ።

ለብዙ ዓመት አንድ መጽናኛ ነበረኝ። የሺ የባሕሩን ውሃ ጠጥታለች፤ እኔ አልጠጣሁም። እሷ ሞተች፤ እኔ አልሞትሁም። አባቴ ልክ ነበሩ፣ የገደላት ውሃው ነው እል ነበር፣ በልቤ። ኋላ የጤና ትምህርት መጽሐፍ መጣልን። ስለ ወባ፣ ማለትም ስለ ንዳድ፣ የሚለውን ገጽ ለልጆች ጮክ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ። ትንኟ የምትነድፈው ከመሸ በኋላ እንደሆነ፣ በሽታው ከውሃ መጠጣት ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ ቃል በቃል አነበብሁት። አንድ ልጅ ጥያቄ አለኝ አለ። ጥያቄ የለም ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው እንኳ ብናገረው ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። የማይቀለኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለመጻፍ ስላልደፈርሁ ነው።

ለአርባዋ እናቷ ከእስቴ መጡ። ሁለት ቀን በእግራቸው፣ አሁን ከሞተው፣ ያኔ ትንሽ ከነበረው ልጃቸው ጋር። የየሺን ልብስ አጣጥፌ ሰጠኋቸው። ቀጫጫ ሴት ነበሩ፤ ማቃቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ተቀመጡና ልብሱን ሳይከፍቱ በጭናቸው ያዙት።

«የእኔ ልጅ፣ አብረሻት ነበርሽ አሉ።»

«አዎ እናቴ፤ ነበርሁ።»

«ሰው የሚለውን በመንገድ ሰማሁ። ጀምበር ልታይ ብላ ነው የሚሉት። እውነት ነው?»

ለእሳቸው መናገር ነበረብኝ። ከዓለም ሁሉ ለእሳቸው። በሩ ላይ ግን ሁለት የሰፈሩ ሴቶች ቆመው ነበር፤ በማግሥቱም ክፍል መግባት ነበረብኝ።

«እውነት ነው» አልሁ።

ያለቅሳሉ፣ ወይ ይረግሟታል ብዬ ጠበቅሁ። ፊታቸው ግን ቀስ እያለ ተፈታ።

«ልጅ ሳለች ጀምበር ሳትገባ ቤት ግቢ እያልሁ ነው ያሳደግኋት። አንድም ቀን ስትጠልቅ አይታ አላስጨረስኋትም። እንኳን አየች!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እስቲ ንገሪኝ። ምን ይመስል ነበር?»

ነገርኋቸው። ውሃው መጀመሪያ እንደ ጠጅ እንደ ነበረ፣ ከዚያ ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ ተነሡ፣ ታንኳዎቹ በቀዩ ላይ ጥቁር ሆነው እንደ ታዩ ነገርኋቸው። የሺ ብስክሌቷን አስደግፋ፣ እጇን በግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ሳትንቀሳቀስ ቆማ ነበር አልሁ። «እናቴ ብታይ» አለች አልሁ።

«እናቴ አለች?»

«አዎ፤ አለች።»

እጄን ስመው አለቀሱ። የነገርኋቸውን በደስታ ይዘው ወደ እስቴ ሄዱ፤ እስኪሞቱ ድረስ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ልጄ ባሕሩ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ አይታለች ሲሉ ኖሩ አሉ። በለቅሶው ድንኳን የሰማሁት ከግራዝማች የመጣ አልነበረም። እኔ ለእናቷ ከሰጠኋቸው የመጣ ነው።

ያችን ጀምበር እኔም አላየኋት፤ የሺም አላየቻት። ጀምበር ስትጠልቅ የሺ በጋራው ሥር፣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ተንበርክካ ነበር። ከቋጥኙ ጠብ ጠብ የምትለዋን ውሃ በቅጠል እየተቀበለች ቅሉን ትሞላልኝ ነበር።